መቶ በመቶ የገባን ፊዚክስ

ለተከበሩ ርእሰ መምህራችን ለአቶ ወልደማርያም
ቡታጅራ፣ መጋቢት 2006 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ እንከን የለሽ እንዲሆን እመኛለሁ። ተማሪዎች መልሳቸውን የሚጫኑባቸውን፣ እኛ «ሪሞት» የምንላቸውን አሥራ ሁለት ዕቃዎች ከለጋሾች ተቀብለው ወደ ክፍላችን ስላስገቡ አላህ ይስጥልን። ዕቃው ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው ለይቶ በፕሮጀክተር ያሳያል ተብሎ ነበር፤ እርስዎ ግን ከዚህ ውርደት አድነውናል።

1ኛ. ስድሳ ሆነን ሪሞቱን በአንድ ለአምስት ስላደራጁልን እናመሰግናለን። መሪው ይጫናል፣ አራታችን አውራ ጣቱን እናያለን። በሥነ ዜጋ የተማርነውን ውክልና ፊዚክስ ላይ አገኘነው።

2ኛ. ከመስቃን ገጠር አንድ ሰዓት በእግሯ የምትመጣው ፈትሂያ፣ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ሲቆም የመሬት ስበት ይለቀዋል ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ ኋላ ተቀምጠው የነበሩት እርስዎ «ቡድንሽ መልሷል አይደል እንዴ፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ስላሏት እናመሰግናለን። እስካሁን ድንጋዩ አልወረደም።

3ኛ. የወረዳ ሱፐርቫይዘሮች በመጡ ዕለት፣ መልሱ «ኤ» ሲሆን የፊዚክሱ መምህር አስረስ ጠመኔውን በቀኝ፣ «ቢ» ሲሆን በግራ እንዲይዙ፣ «ሲ» ሲሆን ጆሯቸውን እንዲያኩ ማዘዝዎ ሊቅነት ነው። ሦስት ጥያቄ ተከታትሎ «ሲ» ሆነና አንዱ ሱፐርቫይዘር ቁንጫ ፈርቶ ወንበሩን አራቀ። ቢሆንም መቶ በመቶ ወጣ፣ ተጨበጨበ።

እስከዚህ ስቀናል። በማግስቱ ግን «መቶ በመቶ ገብቷቸዋል» ብለው የቅዳሜውን ማጠናከሪያ ትምህርት ዘጉት። ብሔራዊ ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶታል፤ እዚያ ጆሮ የሚያክልን የለም። ካላለፍን ፈትሂያን ቆሼ ከተማ ያለው የአጎቷ ሱቅ፣ እኔን ደግሞ የወንድሜ ባጃጅ ይጠብቀናል። ስለዚህ ሪሞቶቹን ለቢሮዎ ጌጥ አድርገው፣ ቅዳሜያችንን ብቻ እንዲመልሱልን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ።

ምንም ሳይገባኝ በእርስዎ ፊርማ የገባኝ፣
ታዛዥ ተማሪዎ ሙከሚል ሸረፋ፣ ከ10ኛ «ለ»

ማስታወሻ፦ ትናንት መብራት ጠፍቶ ሪሞቱ ስላልሠራ፣ መምህር አስረስ «የገባው እጁን ያውጣ» አሉ። ከስድሳችን ሁለት እጅ ወጣ። አንዱ ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ የሚጠይቀው የሰይዶ ነው። ሌላው የልጅዎ የአምሀ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችሁ ድረስ አስጠኚ ይመጣለታል።