ከእኔ ወገን የሚቀመጥ

ሰኞ

የግቢው ሣር ጉልበቴ ደርሷል። ለካ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ጠዋት ሜላት ደወለች፦ እሑድ የልጁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ልጄ ልትዳር ነው! እልል ብዬ፣ ስልኩን እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ስወጣ ደስታዬ ቀዘቀዘ። ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም፣ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። የሚቆመው ደግሞ እዚሁ ነው፤ አረም ውስጥ፣ በተሰበረው ፍሪጅና በአሮጌው ቆርቆሮ መሀል።

"ማሚ፣ ግቢውን አንድ ነገር አድርጊው እንጂ" አለችኝ። ቡልቡላ ከጓደኛዋ ጋር ከተከራየች ወዲህ ሲኤምሲ የምትመጣው እሑድ ብቻ ነው፤ እሱም ካልደከማት።

"ማን ነው የሚቀበላቸው?" አለች ቀጥላ።

እኔ አልኳት።

"አንቺማ አለሽ። ካንቺ ጋር ማን ይቀመጣል?"

አይሰማኝም፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። አልተቆራረጠም ነበር።

ማክሰኞ

አትክልት አልወድም። አፈር ጥፍሬ ውስጥ ሲገባ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። እኔ ሣር የማውቀው ለበዓል ሲጎዘጎዝ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ቢሮ ነው የሠራሁት፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ሥራዬ ቴሌቪዥን ሆኗል።

ዛሬ የወጣ፦ ፍሪጁ (ቆራሌው ወሰደው)፣ ቆርቆሮው፣ የተቀዳደደ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የሜላት የልጅነት ብስክሌት። ብስክሌቱን መልሼ አስገባሁት።

ከሰዓት ደሴ ላለው ወንድሜ ለጌታቸው ደወልኩ። "መንገዱ አያስተማምንም እህቴ። ጤናዬንም ታውቂዋለሽ። በስልክ እመርቃታለሁ" አለኝ። አልተቀየምኩትም። ግን ሌላ ወንድም የለኝም። የሜላት አባት ከሞተ ጀምሮ የእሱ ዘመዶች ደጄን ረግጠው አያውቁም፤ ያኔ ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ነበረች።

ስልኬ ላይ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አየኋቸው። የሞቱ አሉ። አገር የለቀቁ አሉ። ብደውልላቸው "ማን ልበል?" የሚሉኝም አሉ። ስልኩን አስቀምጬ አረም መንቀሌን ቀጠልኩ።

ረቡዕ

ሾላ ገበያ ሄጄ ጓንትና ማጭድ ገዛሁ። ስመለስ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጠው ሰውዬ ጋ ቆምኩ።

"የማይሞተው የቱ ነው?" አልኩት።

"ውሃ ካገኘ ሁሉም አይሞትም።"

ጽጌረዳና ስሙን ያልያዝኩት ቢጫ አበባ ወሰድኩ። ከበሩ እስከ በረንዳው ተከልኳቸው። ወገቤን! ተርታው ጠማማ ነው፤ ቢሆንም ተርታ ነው። ቆሜ አየሁት፣ ትንሽ ኮራሁ።

ማታ ሜላት ደወለች። "የእሱ አጎት ደግ ሰው ነው። ከእነሱ ሽማግሌዎች አንዱን ወዳንቺ ጎን እናዙረው እንዴ?" ሽማግሌ ልዋስ! ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዘጋሁት በኋላ ግን እራት አልበላ አለኝ።

ሐሙስ

ውሃ ጠፋች። የእኛ ፈረቃ ቅዳሜ ነው። ትናንት የተከልኳቸው ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። በርሜሉ ስር የቀረችውን እየጨለፍኩ ጠብ ጠብ ሳደርግላቸው ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ሰማሁ።

"እህቴ፣ ውሃ የለዎትም እንዴ?"

ጎረቤቴ ሐጂ ነስሩ ናቸው። መለዋወጫ ዕቃ ይነግዱ ነበር፤ አሁን ሱቁን ልጆቻቸው ይዘውታል። ይህን ሁሉ ዓመት አጥር ተጋርተን ከ"እንደምን አደሩ" አልፈን አናውቅም። ቱቦ በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ፤ የጉድጓድ ውሃ አላቸው። እያጠጣሁ ለምን እንዲህ እንደምለፋ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ አፌ አላርፍ አለ። ከእኔ ወገን የሚቀመጥ ሰው እንደሌለኝም ተናገርኩ።

ዝም አሉ። ቱቦውን መልሼላቸው ቤት ገባሁ።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ሳፍር ዋልኩ። ለማያውቁኝ ሰው ገበናዬን ዘረገፍኩት!

ከጁምዓ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ነስሩና ባለቤታቸው ዘይነባ።

"ትናንት ዝም ያልኩት ከቤት ሳልማከር ቃል አልሰጥም ብዬ ነው" አሉኝ። "ከፈቀዱልኝ እሑድ እኔ እቀመጣለሁ።"

"ሐጂ፣ የሚመጡት ሰዎች ክርስቲያኖች ናቸው" አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

"አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያቸው ኖሬያለሁ እኮ።"

ዘይነባ ከት ብላ ሳቀች። "ሥጋውን ተይው፣ ምስርና አትክልት ይበቃል፤ ሁሉም አብሮ ይበላል። እሑድ ጠዋት መጥቼ አግዝሻለሁ" አለችኝ። ከእኔ የወጣው "እሺ" ብቻ ነው። ሌላ ቃል ብጨምር አለቅስ ነበር።

ቅዳሜ

ሐጂ መጡ። "ልጅቱን አላውቃትም። ስለ እሷ ሲጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ? ይንገሩኝ" አሉ።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነገርኳቸው። ልጅ ሳለች መብራት ሲጠፋ እየተንቀጠቀጠች "እማዬ አትፍሪ" ትለኝ እንደነበር። በመጀመሪያ ደሞዟ ጫማ ገዝታልኝ ቁጥሩ እንዳልሆነኝ። ሲከፋት እንደማትናገር፣ ንጹሕ ዕቃ አውጥታ ድጋሚ እንደምታጥብ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ይህን ያህል ያወራሁት መቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም።

ከሄዱ በኋላ ቤቱ ከወትሮው ይልቅ ጭር አለብኝ። ነገ እሺ ካልኩ ሰጠኋት ማለት ነው። እምቢ ብልስ? ብዬ አሰብኩ፤ ራሴንም አሳቀኝ። ሣሩን ድጋሚ አጨድኩት።

እሑድ

አራት ሆነው መጡ። አንደኛው ቢጫው አበባዬ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አልተነቃነቁም። ሐጂ ነጭ በነጭ ለብሰው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

ከአራቱ ሸምገል ያሉት ሰላምታ ከሰጡ በኋላ "እርስዎ ለወይዘሮዋ ምናቸው ነዎት?" አሏቸው።

"ወንድሟ ነኝ" አሉ ሐጂ፣ ሳያቅማሙ።

ሰውየው የሐጂን ቆብ አዩ፣ እኔን አዩ። "እሰይ" አሉ፤ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

ሲጨርሱ ሐጂ "ልጁ ይጠጣል?" ብለው ጠየቁ።

"አልፎ አልፎ።"

"አልፎ አልፎ ስንት ነው?"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም። "ልጃችን ሲከፋት አትናገርም፣ ዕቃ ነው የምታጥበው። ያለሰዓቱ ሳህን ሲንኳኳ ከሰማ፣ ምን ሆንሽ ይበላት። ይህን ይንገሩልኝ" አሉ። መስኮቱ ጋ መጋረጃው ሲነቃነቅ አየሁ። ሜላት ናት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ትያለሽ እህቴ?"

እሺ አልኩ። ተቀመጡ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ሰኞ

ሜላት ትናንት ማታ ወደ ቡልቡላ ተመለሰች። ስትሄድ አንገቴ ስር ገብታ ብዙ ቆየች። ወንበሮቹን አስገባሁ። ዕቃውን ዘይነባ ትናንትናውኑ አጥባዋለች። የተረገጠው አበባ አይድንም፤ የሌሎቹን እንጃ።

ከሰዓት ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። የጎረቤቶቼ በር ጋ ስደርስ ልመለስ ምንም አልቀረኝም፤ የምመልሰው ዕቃ እንኳ አልያዝኩም። አንኳኳሁ።

ዘይነባ ከፈተችልኝ። ደንግጣ "ምነው? ደህና ነሽ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ። እንዲሁ ነው የመጣሁት።"

በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው።