ስለሸጥኳቸው መጻሕፍትህ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ሳሉ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከዚያ ቀዝቃዛ መጋዘን በወጣህ ቁጥር ይነሣብሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ያ ሲያንኮራፋ ግድግዳ የሚያናውጠው የክፍል ጓደኛህ ተሻለው ወይስ አንተው ለመድከው? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? በስልክ ስጠይቅህ ሁሉንም በአንድ «ደህና ነኝ» ጠቅልለህ ስለምትዘጋብኝ ነው እንዲህ አንድ በአንድ የጻፍኩልህ፤ በጽሑፍ ሲሆን ማምለጫ የለህም። እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ አባዬ ብርድ ሲሆን ወገቡን ከሚያስቸግረው በቀር ደህና ነው፣ ታናሻችንም አፏ እንደተሳለ አለች።

ደውዬ መንገር የምችለውን ለምን እንደጻፍኩት ልንገርህ። አንደኛ፣ በስልክ ከሆነ ግማሹን ሳትሰማ ትቆጣለህ። ሁለተኛ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱን አሁን እንዳትከፍተው። ነገሩ ስለ ትምህርትህ ነው፣ ቀንም የተቆረጠለት ነው፤ ግን እኔ ያደረግሁትን ሳታውቅ ብታየው ግራ ይገባሃል።

መጀመሪያ ቀላሉን። ከዚህ ወር ጀምሮ «ለመጽሐፍ» እያልክ የምትልከውን አቁም። ኩራት እንዳይመስልህ፣ የእውነት አያስፈልገኝም። ትዝ ይልህ እንደሆን የመጀመሪያው ዓመት ላይ የመምህራኑን ዝርዝር ይዤ ከኮሌጁ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ መደብር ገባሁና ሁሉንም አዲስ አዲሱን ገዛሁ። አንተ የዕረፍት ቀኖችህን ሠርተህ የላክኸውን በአንድ ከሰዓት በኋላ አመድ አደረግሁት። ከስድስቱ መጻሕፍት ሁለቱን መምህሮቹ ዓመቱን ሙሉ ስማቸውን እንኳ አላነሱም። ዓመቱ አልቆ ልሸጣቸው ስወስድ የተጠራልኝን ዋጋ ሰምቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ይህን እስከ ዛሬ ደብቄህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን እሳት የላስኩ ሆንኩልህ። አሁን ትምህርት ተጀምሮ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ሳንቲም አላወጣም፤ መጀመሪያ የቀደሙንን ተማሪዎች፣ መምህሩ ፈተና የሚያወጣው ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ እጠይቃለሁ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚነበበውን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ እጨርሳለሁ። የአናቶሚውን መጽሐፍ የገዛሁት የቀድሞውን እትም ነው፤ ዋጋው የአዲሱን ሩብ አይሞላም፣ የሰው አጥንት ደግሞ እትም በተለወጠ ቁጥር አይጨምርም። የገጾቹን ቁጥር ከጓደኛዬ መጽሐፍ ጋር አመሳክሬ በእርሳስ ጻፍኩበትና ተገላገልኩ። የመድኃኒቱን መጽሐፍ ግን አዲሱን ነው የያዝኩት። የመድኃኒት መጠን ይለወጣል፤ ነርስ ልሆን ነውና እዚያ ላይ ቆጥቤ በሽተኛ መግደል አልፈልግም። እሱንም ለሦስት ሆነን ነው የገዛነው፤ አንዷ ልጅ እያነበበች ብስኩት መብላት ስለምትወድ ገጹ ሲገለጥ ፍርፋሪ ያዘንባል እንጂ ሌላ ችግር የለውም።

መሸጡም ብልሃት አለው። ተማሪው ሁሉ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሶ በወጣበት ቀን መጽሐፉን ተሸክሞ ይሮጣል፤ የዚያን ቀን ዋጋው አፈር ይበላል። እኔ ጠቅልዬ አስቀምጥና የምዝገባው ሳምንት ሲደርስ የመኝታ ክፍሎቹ ደረጃ ላይ ማስታወቂያ እለጥፋለሁ፤ ከታች በኩል ስልክ ቁጥሬን ደጋግሜ ጽፌ፣ የፈለገ አንዱን ቀዶ እንዲሄድ እንደ ነጠላ ዘርፍ እሰነጣጥቀዋለሁ። በዚህም ካልተሸጠልኝ ብቻ ነው ሚዛን ዘንድ የምሄደው።

ሚዛን ያልኩህ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ደረጃ ሥር አሮጌ መጽሐፍ የሚገዛውና የሚሸጠው ሰውዬ ነው። ዋጋ ከመናገሩ በፊት መጽሐፉን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው ተማሪው ነው ይህን ስም ያወጣለት። በእርሳስ የተሰመረ አያስከፋውም፣ ይጠፋል ይላል፤ በእስክሪብቶ ከሆነ ፊቱ ቅጭም ይላል፤ ቢጫ ቀለም የተቀባበት ከሆነ መጽሐፉን ሳይነካ በዓይኑ ነው የሚመልስህ። እኔን ግን ይወደኛል። በእነዚህ ዓመታት የዓምናዬን እየሸጥኩ የዘንድሮዬን ስገዛ ነው የቆየሁት፤ ባለፈው ዓመት የላክኸው አልተነካም።

እንግዲህ ዋናው ነገር። ባለፈው ወር ከሚዛን ጋር ስንጫወት፣ ትንሽም ልኩራራ ብዬ፣ ወንድሜ እዚሁ ኮሌጅ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ እንደነበረና አሥራ አንድ መጻሕፍቱ አልጋ ሥር እንዳሉ ነገርኩት። ስንተኛ እትም እንደሆኑ ጠየቀኝ። ነገርኩት። በሚመጣው ዓመት መምህሮቹ ወደ አዲሱ እትም እንደሚዞሩ፣ ለእሱም አስቀድመው እንደነገሩት አጫወተኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ካመጣሽልኝ እንደ መጽሐፍ እገዛቸዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን በኪሎ ነው አለኝ። በኪሎ! ያንተን መጻሕፍት!

እማዬ እንዴት እንደያዘቻቸው ብታይ! አባዬ ከግንባታው ላይ ወድቆ ወገቡ የተጎዳ ጊዜ፣ ሦስተኛውን ዓመት አቋርጠህ ለሥራ ልትሄድ ስትል በካርቶን አሽገህ፣ እስክመጣ ማንም እንዳይነካቸው ብለሃት ነበር። እሷ ደግሞ ቃልህን ሕግ አደረገችው። አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ እያወጣች ፀሐይ ታስመታቸዋለች፣ በደረቅ ጨርቅ ትወለውላቸዋለች፣ በነበሩበት ቅደም ተከተል ትመልሳቸዋለች። ፊደል ባትቆጥርም በመልካቸው ታውቃቸዋለች፤ ቀዩ፣ ወፍራሙ ሰማያዊ፣ ጀርባው የተላጠው። አንድ ቀን ታናሻችን የሚወላገደውን ወንበር ላስተካክል ብላ አንዱን እግሩ ሥር ብታደርገው የተነሣው ጩኸት ጎረቤት አስወጥቷል።

ሁለት ሳምንት በሆዴ ይዤው ከረምኩ። ብነግራት ቅስሟ ይሰበራል፣ ዝም ብል መጻሕፍቱ እዚያው አልጋ ሥር ከንቱ ይቀራሉ። በመጨረሻ ነገርኳት። ሲመጣ በምን ሊማር ነው አለችኝ። ሲመጣ የሚማረው በእነዚህ አይደለም፣ ተለውጠዋል አልኳት። መጽሐፍም ያረጃል እንዴ ብላ ጠየቀችኝና ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለካ መጻሕፍቱ ደህና እስካሉ ድረስ ያንተም ነገር ባለበት የሚቆይ ይመስላት ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ይመስለኝ ነበር።

ሽጪያቸው ያለችኝ በማግስቱ ጠዋት ነው። ሚዛን ለንጹሕ መጽሐፍ የተሻለ ስለሚከፍል፣ ሦስት ቀን ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን በእርሳስ የጻፍከውን ስናጠፋ ሰነበትን፤ እኔ በላጲስ አጠፋለሁ፣ እማዬ ፍቅፋቂውን በእጇ ትጠርጋለች። ምን ነበር የጻፈው እያለች፣ ሳላነብላት አንዲት መስመር አላስነካችኝም። «ይህ ይደገም»፣ «ይህ አልገባኝም»፣ «ፈተና ላይ መጣ!»፣ አንዱ ላይ ደግሞ «ራበኝ»። በዚህች እሷ ያን ቀን ምን በልቶ ይሆን አለች፣ እኔ ሳቄ አመለጠኝ። በእስክሪብቶ የጻፍከውን ስምህን ግን ምንም ልናደርገው አልቻልንም። በሽፋኑ፣ በመጀመሪያው ገጽ፣ በመካከል፣ በጠርዙ ሳይቀር! ሚዛን ሲያየው ይህ ልጅ የገዛው መጽሐፍ ነው ወይስ መሬት አለኝ።

የመጨረሻው ወፍራሙ ሰማያዊ ነበር፣ የሦስተኛው ዓመት መጽሐፍህ። እስከ አምስተኛው ምዕራፍ ድረስ ገጹ ሁሉ ባንተ እርሳስ የተሞላ ነው። ከዚያ አንድ ገጽ አጋማሽ ላይ ጽሑፍህ ቆመ። ገለጥኩ፣ ምንም የለም። እስከ መጨረሻው ገለጥኩ፣ ምንም። እማዬ ምነው ቆምሽ አለችኝ፤ አለቀ አልኳት። ሚዛን ከአሥራ አንዱ ሁሉ አብልጦ የከፈለው ለእሱ ነው፤ አብዛኛው ንጹሕ ነው አለኝ። ለምን ንጹሕ እንደሆነ አልነገርኩትም።

ከእሱ ስለይ ወደ ቤት መሄድ አልሆነልኝም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀጥታ ሬጅስትራር ገባሁ። እዚያ የምትሠራው ሴትዮ መጀመሪያ ቀና ብላም አላየችኝ። ፋይልህን ፈልጋ ውጤትህን ስታይ ግን፣ ይህን የመሰለ ልጅ ምን ሆኖ ነው ያቋረጠው አለችኝ። እኛ የማናውቀውን ያወቅሁት ከእሷ ነው፤ በፈቃድ ያቋረጠ ተማሪ እስከ አራት ዓመት ድረስ ካቆመበት መቀጠል ይችላል። ያንተ አራት ዓመት በመስከረም ይሞላል። ማመልከቻህ እስከ መስከረም አሥር ካልደረሰ ፋይልህ ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ ቢለምኑም አይከፈትም። የመልሶ ምዝገባው ክፍያ ከመጻሕፍቱ ዋጋ ብዙም አይበልጥም፤ የጎደለውን እኔ ሞልቼ ገንዘቡ እማዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን የታጠፈውን ወረቀት ክፈተው። የማመልከቻው ቅጽ ነው። ፊርማህን ብቻ ትቼ ሌላውን እኔ ሞላሁት። ስሞላው አባዬ ጥበቃ ከሚሠራበት ትምህርት ቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር። «ያቋረጠበት ምክንያት» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ፤ እሱ አጠገቤ እያለ ምን ብዬ ልጻፍ? የቤተሰብ ችግር ብዬ ላልፈው ስል፣ አራት ዓመት ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ተንፍሶ የማያውቀው አባዬ፣ የቤተሰብ ችግር አትበይ፣ አባቱ ወድቆ ነው በይ፤ አሁን ደግሞ ተነሥቷል ብለሽ ጨምሪበት አለኝ። ቦታው ጠባብ ነበር፤ ቢሆንም ጨመርኩት።

መመለስ ካልፈለግህ ማንም ቅር አይልህም። እዚያ የጀመርከው ነገር ሊኖር ይችላል፣ የሰው ሐሳብም ይለወጣል። እንዲህ ከሆነ ግን ዝም እንዳትል፤ እማዬ ዝምታህን ይመጣል ማለት ነው ብላ ነው የምትወስደው። አልመጣም ብለህ ጻፍልኝ፣ እኔ እነግራታለሁ። ከመጣህ ደግሞ ስለ ቤቱ አትጨነቅ፤ አባዬ ደመወዝ አለው፣ እኔም አንድ ዓመት ነው የቀረኝ። ስለ መጽሐፍም አታስብ፤ አዲሱን እትም ከክፍልህ ልጅ ጋር ለሁለት ታነበዋለህ፣ በእርሳስ ብቻ ትጽፋለህ፣ ሲያልቅ እኔ እሸጥልሃለሁ። መጻሕፍትህን ሳላስፈቅድህ በመሸጤ ግን ይቅር በለኝ። ብጠይቅህ እምቢ እንደምትል አውቅ ነበር።

አንኮራፊውን የክፍል ጓደኛህን ሰላም በልልኝ፤ ታምመህ ሳለ ሾርባ ያመጣችልህን የመጋዘኑን ጽዳት ሠራተኛ እማዬ አመስግንልኝ ብላሃለች። እማዬ ራሷ ዓይንህን ትስማለች፣ ልብስ ደርብ ትልሃለች። ታናሻችን ሰላም ብላሃለች፤ የወንበሩ ነገር የሷ ጥፋት እንዳልሆነ ንገሪልኝ ብላለች፤ ጥፋቱ ግን የሷው ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም ጤናህን ጠይቃለች። አባዬን ምን ብዬ ልጻፍልህ ብለው፣ የኔ ሰላምታ ቅጹ ላይ አለ አለኝ።

የምትናፍቅህ እህትህ
ከቤታችን
ሐምሌ 14 ቀን