የአማን ኮምፒውተር ትኩሳት

ውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይ? ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ ደኅና ናቸው? እኔ በጌታ ቸርነት ደኅና ነኝ፤ የላስ ቬጋስ ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ለምን አልደወልሽም እንዳትዪኝ። ስንደዋወል ሁለታችንም እናለቅሳለን፤ ይሄ ደግሞ የሚያስቅ ነገር ነው።

ልጄ አማኔ ከማረፉ በፊት እዚህ አርትስ ዲስትሪክት ከሚሉት ሰፈር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ ነበር። በዕድሜ እሱን ይበልጠዋል። ሆዱን ከፍቶ ፕሮሰሰር የሚሉትን ፈጣን አንጎል ጨመረበትና ጌም ሠራበት። ጌሙ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ! ሻሽ ያሰረች አጭር ሴት ጋሪ እየገፋች የሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ሱፐርቫይዘሯ ሳትደርስባት አሥራ አራት ክፍል መጨረስ አለባት። አሥራ ስድስት ዓመት በዚሁ ሥራ የኖርኩት ሴትዮ ሁለተኛው ክፍል ላይ ተባረርኩ።

ተለማመድኩ። ግን ዘጠነኛው ክፍል ስደርስ ኮምፒውተሩ ይግልና ድርግም ይላል። ልጄ መጨረሻው ላይ ምን እንዳስቀመጠ ሳላይ ልቀር ነው ብዬ ተጨነቅኩ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሳውንድ የሚሠራውን ውብሸትን ጠራሁት። አቧራውን ነፋ፤ ማራገቢያውን ቀየረ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የጥርስ ሳሙና የመሰለ ነገር ቀባ። እሱ አብሮኝ ተቀምጦ ሳለ ኮምፒውተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ። መኪናውን ከፓርኪንጉ ሳያወጣ ድርግም! ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤቱ ወሰደው፤ እዚያ ሁለት ቀን ያለ ችግር ሠራ። መለሰልኝ፤ ድርግም!

"የአማን እናት፣ እርስዎን ፈርቶ ነው" አለኝ።

ሚስቱ ጸዳለማ እጇን ጭና ጸለየችለት፤ እጇን አቃጠላት።

ባለፈው ቅዳሜ ውብሸት ሳይደውል መጣ። እኔ ስድስተኛው ክፍል ላይ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ።

"ሳጥኑ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ዳንቴል ነዋ! እህቴ የሠራችው።"

"ሁልጊዜ እዚያ ነው?"

"አንተ ስትመጣ ለሥራ እንዲመችህ አነሳዋለሁ። አለዚያማ ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ?"

በአራት አጥፌው፣ የአማንን ፎቶ ከነመስተዋቱ አስቀምጬበት ነበር።

"አየር የሚያስወጣው እኮ በዚያ ነው! በላስ ቬጋስ ሐምሌ ጋቢ ደርበውበት!" ብሎ ሳቀ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስምንት ወር አልፎኝ ነበር።

ስለዚህ ዳንቴልሽን አንስቼዋለሁ፤ አትቀየሚኝ። አሁን ማይክሮዌቩን አልብሼዋለሁ።

ትናንት አሥራ አራተኛው ክፍል ደረስኩ። በሩን ስከፍተው የሆቴል ክፍል አይደለም፤ የአማን መኝታ ቤት ነው። ካልሲው መሬት ላይ፣ ብርድ ልብሱ እንደተንጠለጠለ። ላነጥፍ ስጠጋ ጽሑፍ መጣ፦ "እማዬ፣ አንቺ እረፊ። ይሄን እኔ አነጥፈዋለሁ።"

ውሸታም! በሃያ ስድስት ዓመቱ አንድ ቀን አልጋ አንጥፎ አያውቅም። ተነሥቼ እዚህ ቤት ያለውን እውነተኛ ክፍሉን ሄጄ አየሁት። ልክ እንደዚያው ነው። ብርድ ልብሱን ያዝኩና መልሼ ተውኩት። አነጥፈዋለሁ ብሏላ።

ጌታ ዘመንሽን ይባርክ፤ ልጆችሽን ያኑርልሽ።

ታናሽ እህትሽ