አንገቱ ላይ ያየሽው ነጥብ

ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ፤ ጤናሽ ይብዛ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ዛሬ ከልቤ ነው የምልሽ።

የአባትሽ የምርመራ ውጤት ትናንት ወጣ። ከአንገቱ ላይ ያነሱለት ጥቁር ነጥብ ክፉ በሽታ ጀምሮት ነበር፤ ግን ሥር ሳይሰድ ተነቅሏል። ሐኪሟ "ማን አየው?" አለችኝ።

"ልጄ ናት። የላክሁላትን ፎቶ እሷ ድሮ ካነሳችው ጋር አስተያይታ ነው።"

"ጥሩ ዓይን አላት" አለች።

እኔ ጠዋት ጠዋት ኮሌታውን እያስተካከልኩለት አላየሁትም፤ ለካ ዓይኔ ለምዶት ኖሯል! ውጤቱን ስጠብቅ እህል አልወርድ ብሎኝ ሰነበተ፤ ትናንት ግን ሁለቴ በላሁ።

"ፎቶ ማንሳት ደግሞ ሥራ ነው?" ይልሽ የነበረው አባትሽ፣ አሁን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ደንበኛ ሁሉ አቁሞ ጠባሳውን ያሳያል። "ልጄ ከባሕር ማዶ ሆና ነው ያየችው!" ይላል። መቀሱን እስኪያነሳ ሰው እግሩ ይዝላል።

ጣሪያው ተጠግኗል። እህትሽም ፈተናዋን አልፋለች።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ የምትልኪልኝ ሁሉ የሌላ ሰው ፎቶ ነው። እስቲ አንቺንም አንድ ሰው ያንሳሽና ላኪልኝ፤ ከስተሽም እንደሆነ አትደብቂኝ።

እናትሽ