ከምድጃ በፊትና በኋላ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ እንደተውከን ነን ልልህ ነበር።

ምን ትሠሪያለሽ ላልከኝ፣ ከአመድ የሚሠራ፣ እንደ ዳቦ ቀዳዳ የበዛበት ጡብ እፈትሻለሁ። ጂኦፖሊመር ይሉታል። በጆንያ መመዘኛ ሚዛን መዝኜ ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ሲበርድ ደግሜ እመዝነዋለሁ። መጀመሪያ ውስጡ ያለው ውሃ ይወጣል። ሙቀቱ ሲበረታ ትንንሾቹ ቀዳዳዎች እርስ በርስ እየተዋዋጡ ሰፋፊ ባዶ ቦታ ይሆናሉ። ከውጭ ስታየው ያው ጡብ ነው፤ በአውራ ጣትህ ስትጫነው ግን ይፈረፈራል።

ባለፈው ወር እማዬ የረሳሁትን ቁልፍ ልታቀብለኝ መሥሪያ ቤት መጣች። የጆንያው ሚዛን ላይ ወጥታ፣ «ጡብሽን ተዪና እኔን መዝኚኝ» አለችኝ። ተሳሳቅን። እኔም እጄ ለምዶብኝ ክብደቷን የጡቦቹ መዝገብ ላይ ጻፍኩት። ትናንት መጥታ ደግማ ወጣች፤ እሱንም ጻፍኩት። ዛሬ አለቃዬ ሁለቱን ቁጥሮች አይቶ፣ «ይሄ ጡብ ደግሞ ስንት ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ቢገባ ነው እንዲህ የቀለለው?» አለኝ።

ቀሚስ ልትልክላት ካሰብክ በድሮው ልኳ አትግዛ። መምጫህንም አታርቀው።

እማዬ በጣም ሰላም ብላሃለች። «ደህና ናት በዪው» ስላለችኝ፣ ደህና ናት።

እህትህ