ተፍቆ ስለጸዳው አግዳሚ ወንበራችን

ለክቡር ዶክተር ሃልቨርሰን፣
በዩኒቨርሲቲያችን የብዝኃነት ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በዚህ በጥቁር ሕዝቦች ቅርስ ወር የሚያደርጉት ንግግር ብዛት ጉሮሮዎን እንዳይጎዳው ከልቤ እመኛለሁ። እኔ የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪ ቨርሊን ፔቲዌይ፣ «ቅርሳችን ኩራታችን» በተሰኘው ምሽት ላይ ሪባን እንድቆርጥ ስለጋበዙኝ ምስጋናዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። በዚህ ሰሞን ለእኔ መቀስ ለመስጠት ማሰብዎ በራሱ ድፍረት ነው።

ከመቁረጤ በፊት ግን ጥቂት ነገር እንዳነሳ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ያለው የድንጋይ አግዳሚ ወንበር ነው። በእኛ ዘመን በመመገቢያ አዳራሹ ነጮቹ አጠገባችሁ አንቀመጥም ሲሉን፣ ጥቂት ጥቁር ልጃገረዶች ምሳችንን ይዘን የወጣነው ወደዚያ ነበር፤ የእህትማማቾች ማኅበራችንንም የመሠረትነው እዚያው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዲስ የገቡት እህቶች ወንበሩን ይቀቡታል። የቀደሙትን ቀለም ማንም አይፍቅም፤ በላዩ ላይ ይደርባል እንጂ። የእኔ ከሁሉም ሥር፣ የልጄ ከእኔ በላይ፣ የልጅ ልጄ ደግሞ ከእሷ በላይ ነበር።

ክቡርነትዎ ታዲያ ለእንግዶች አምሮ ይታይ ብለው በማሽን እስከ ድንጋዩ አስፋቁት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እሷስ የባሏን ነው ያጠበችው፣ እርስዎ የሰው! አጠገቡም «ሁላችንም እዚህ ቤተኞች ነን» የሚል የመስታወት ሰሌዳ አቆሙልን። እግዜር ይስጥልን፤ ያለ ሰሌዳው ቤተኛ መሆናችንን በምን እናውቅ ነበር?

ሁለተኛ፦ ሬኒታ ጋስኪንስ። የነርስ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት የቀራት የማኅበራችን ልጅ ናት። ማሽኑ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። የጥበቃ ኃላፊው፣ «እህቴ፣ ተነሺ እንጂ! ለእናንተው እኮ ነው የምናጸዳው» ቢላት፣ «ለኛ ከሆነማ ተወው፤ ቆሽሿል ያለህ ማነው?» አለችው። ጎትተው አነሷት። አሁን ደግሞ ሐሙስ ጠዋት «የግቢውን የመከባበር መንፈስ አውከሻል» ተብላ በሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፤ ልትባረርም ትችላለች። ድግስዎ በዚያው ቀን ማታ ነው። ጠዋት ጥቁር ልጅ አባርሮ ማታ ለጥቁሮች ማጨብጨብ፣ መቼም የሥራ ሰው ነዎት።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ናቅሁዎ። መጀመሪያ ወደዚህ ግቢ ስገባ በር ላይ ቆመው የሰደቡኝ ሰዎች ቢያንስ በስሜ ድግስ አልደገሱም።

ሦስተኛ፦ ሦስተኛ የለም። ሁለተኛውን መልሰው ያንብቡት።

ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ፤ ሪባኑን ግን ሌላ ይቁረጥልዎ። ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት በሕይወት የቀረነው መሥራቾች ቀለምና ብሩሽ ይዘን ወንበሩ ላይ እንገኛለን፤ የመጀመሪያውን ብሩሽ የምትይዘው ሬኒታ ናት። እሷ ጥፋተኛ ከሆነች እኛም ነንና ኮሚቴው ወንበር ይጨምር። የጥበቃ ሰዎችዎ እኛንም ሊጎትቱ ከመጡ ቀስ ይበሉ፤ የአንዳንዶቻችን ጉልበት በብረት የተተካ ነው።

ጥልቀቱን እርስዎ ራስዎ በሚለኩት አክብሮት፣

ቨርሊን ፔቲዌይ
ከተፋቁት የመጀመሪያዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጥሪ ካርዱ ላይ ያሳተሙት ፎቶ እጅግ ያምራል። ወንበራችን ሳይፋቅ የተነሳ ነው፤ መሃል ተቀምጣ የምትስቀው ልጅ ሬኒታ ናት። ሐሙስ ማታ እንግዶችዎ «ይቺ ልጅ የታለች?» ብለው ቢጠይቁ የሚሉትን ከወዲሁ ያዘጋጁ።