በዋዜማው የተጻፈ ቃለ ጉባኤ

ግንቦት 8 ቀን 2014

ዛሬ ለስምንተኛ ክፍል ሥነ ዜጋ አስተማርኩ። ምክር ቤት ሥራ አስፈጻሚውን ይመርጣል፣ ይጠይቃል፣ ካልሆነም ያወርዳል። ሰሌዳው ላይ ያምራል።

ስመለስ አዋላጇ ለይላ ግቢ ጎራ አልኩ። የማዋለጃ አልጋው ከወልድያ መጥቷል። የት አለ? ደጇ ላይ፣ ላስቲክ ተከናንቦ። ጤና ኬላው ታጣቂዎቹ ከወጡ ወዲህ የእርዳታ ስንዴ ተቆልሎበት እንደተቆለፈ ነው።

ባለቤቴ ትዕግስት ስምንት ወር ሊሞላት ነው። የፊተኛው ጊዜ ደም አላቆም ብሏት በቃሬዛ መርሳ ሐኪም ቤት ድረስ... ዘንድሮ አልጋ አለ፣ አዋላጅ አለች። የቀረው ቁልፍ ብቻ።

ግንቦት 9

የቀበሌያችን አስተዳዳሪ ደሳለኝ አብሮ አደጌ ነው። ቁልፉን ጠየቅኩት።

"እኔ ፈጻሚ ነኝ፣ መምህር። የወሰነው ምክር ቤቱ ነው። እነሱን ጠይቅ።"

አፈ ጉባኤያችን ጋሽ ሙሄዲን ዘንድ ሄድኩ። "ወላሂ እኔም አልወደድኩትም። ግን አጀንዳ የሚመጣው ከካቢኔው ነው። እነሱ ካላመጡ በምን እንሰብሰብ?"

ካቢኔው በምክር ቤቱ ያሳብባል፣ ምክር ቤቱ በካቢኔው። ካቢኔዎቹም እኮ የምክር ቤት አባል ናቸው... ጠያቂና ተጠያቂ አንድ አግዳሚ ላይ። በገንኩ።

ግንቦት 12

ውሳኔውን ላየው የቃለ ጉባኤ መዝገቡን ገለጥኩ። ጥር 3፦ "ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ ጤና ኬላው ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ መጋዘን እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።"

ጽሑፉ የኔ ነው። የምክር ቤቱ ጸሐፊ እኔ አይደለሁ?

የምን ሰፊ ውይይት? የዚያን ቀን ለቅሶ ነበረብን፣ በግማሽ ሰዓት ተበተንን። እንደ ሁልጊዜው ደሳለኝ ዋዜማውን ነጥቡን ነገረኝ፣ አሳምሬ ጻፍኩ፣ በማግስቱ ሰው ፈረመ። ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው። ደሳለኝ ያለው "ለጊዜው" ነበር። "ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ" የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ... ዓረፍተ ነገሩ እንዲያምር።

ለትዕግስት ነገርኳት። "ታዲያ ወንዴ፣ የጻፈ እጅ መሰረዝ ያቅተዋል?" አለችኝ። አፈርኩ።

ግንቦት 25

ሲሶው አባል ከፈረመ ጉባኤ ይጠራል። ደንባችን ላይ አለ፣ ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም እንጂ። ከአባሎቹ አንጋፋዋ እማማ ደብሪቱ ወረቀቱን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩልኝ። "አንቱ ደከሙ፣ ይረፉ" ብላቸው፣ "ሚስትህ ስትገላገል አርፋለሁ" አሉኝ። ሃያ አንድ ሰው ፈረመ።

ሰኔ 3

ነገ ጉባኤ ነው። ደሳለኝ እንደለመደው ብጣሽ ወረቀት ይዞ መጣ። "ሪፖርቱ ጸደቀ፣ የጤና ኬላው ጉዳይ ወደፊት ይታያል... በቃ።"

"ነገ የሚባለውን ነገ እጽፋለሁ" አልኩት።

"አንተ ደግሞ ምን ነካህ?" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሰኔ 4

አራት ሰዓት ፈጀ። እማማ ደብሪቱ ተነሡ። "አስተዳዳሪ፣ ስንዴ ይበልጣል ወላድ?"

ደሳለኝም መለሰ። "ስንዴውን ዝናብ ቢመታው የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሰው ምን ይብላ?" ሐሰት አላለም። ብዙ ተባለ፤ ስንዴው ወደ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ይዛወር የሚል ሐሳብ መጣ። ድምፅ ተሰጠ፦ 34 ለ 29። ቁልፉ ለለይላ ይሰጥ።

"በሙሉ ድምፅ" ሳልል የጻፍኩት የመጀመሪያ ውሳኔ። ደስ አለኝ።

ሰኔ 7

ደሳለኝ ውሳኔው ማኅተም የለውም አለ። የምክር ቤቱ ማኅተም በጦርነቱ ተዘርፏል። ያለው የአስተዳዳሪው ብቻ ነው።

"እንግዲያው አንተ ምታበት።"

"በራሴ ላይ? ወረዳን ልጠይቅ።"

አሸንፈን ምን ተረፈን? ከስብሰባው በፊት የነበርንበት ነን።

ሰኔ 14

ወረዳ አልመለሰም። ሦስቴ ሄድኩ፣ ሦስቴ "ነገ" ተባልኩ። ዝናቡ ገብቷል።

ሰኔ 19

ሰኔ 16 ምጥ መጣባት። ለይላ ግቢ አደረስናት፤ ዶፍ እየወረደ ነው፣ አልጋው ደጅ፣ በቤቷ በር አይገባም። "እንዳለፈው ደም ቢፈሳት መሬት ላይ አልችልም" አለች ለይላ። እሷንም ይዘን በቃሬዛ ወደ መርሳ ተነሣን። ውርጌሳ አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ወለደች።

ሴት ናት። አላለቀሰችም።

ትዕግስት ተርፋለች። ለይላ፣ "አልጋው ላይ፣ ጣሪያ ሥር ብንሆን ኖሮ..." ብላ ተወችው።

ዛሬ ደሳለኝ መጣ። ለቅሶ ተቀመጠ። ሲነሣ ቁልፉን ፍራሹ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ያለ ማኅተም።

እሱን ልጥላው? ዓረፍተ ነገሩ እኮ የኔ ነው።

ነሐሴ 19

ትናንት በቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ተጀመረ። ጤና ኬላው ከተከፈተ ወዲህ ስድስት ሴቶች በሰላም ተገላግለውበታል።

ደሳለኝ እያለከለከ መጣ። የእርዳታ እህል ወደኛ እየተጫነ ነው፣ ትምህርት ቤቱን ተፈናቃይ ሞልቶታል፣ ጤና ኬላው ለመጋዘን ይፈለጋል። "ጊዜ የለም፣ መምህር። ሁለት መስመር ጻፍልኝ፣ ሰው በኋላ ይፈርማል።"

መዝገቡን ከፍቼ ባዶውን ገጽ አሳየሁት። "ሰው ጥራ።"

ትዕግስት በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ሲያያት አንገቱን ደፋ።

"ጋሽ ሙሄዲን ዘንድ ልሂድ" አለ። "ምክር ቤቱን ይጥሩልኝ ልበላቸው።" ስድስት ዓመት ሙሉ ጥሪ ሲልክ እንጂ ጥሩልኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ጉባኤው ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ምን እንደሚወሰን አላውቅም። ገጹ ላይ ቀኑን ብቻ ጻፍኩ።